ቅናሹ ጎንደር ሲደርስ

ባለፈው ሰሞን የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ ስልኩን እያወዛወዘ መጣ። «ጋሼ፣ ፕሌይስቴሽን ፋይቭ 100 ዶላር ቀነሰ! እየው!» አለኝ። ጋሼ መባል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ገና አልለመድኩትም። ማስታወቂያውን አየሁት። የአሜሪካ ሱቅ ነው፣ ዕቃው ሶኒ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው የጌም ማሽን። የበዓል ሰሞን ቅናሽ ነው፣ ከማሽኑ ጋር ጌምም አብሮ አለው። ልጁ የሚኖረው እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ተናደደ። «ምን ያስቅሃል?»

መልሱ ረጅም ስለሆነ ዝም አልኩት። ይኸው አሁን ልጻፈው።

ከበርበሬ ልጀምር። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቅዳሜ ገበያ እሄድ ነበር፣ ዘንቢል ተሸካሚ ሆኜ ማለት ነው። እናቴ ዋጋ ስትከራከር ያየ ሰው ርስት የምታስመልስ ነው የሚመስለው። ሻጯም አትበገርም። «የኔ እመቤት፣ ከዚህ ብወርድ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ትላለች። እናቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ትመለሳለች። በመጨረሻ ዋጋው ሳይነቃነቅ በርበሬው ይሰፈራል። አሁን አለቀ ስል እናቴ የዘንቢሉን አፍ ከፍታ ትቆማለች። አትሄድም። «መርቂልኝ እንጂ!» ሻጯ እያጉረመረመች አንድ ጭብጥ ዘግና ትጨምርላታለች። ያቺ ጭማሪ ምራቂ ናት።

ያኔ አንድ ነገር አይገባኝም ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ብር ከመቀነስ ይልቅ የሁለት ብር በርበሬ መጨመርን ለምን መረጠች? ያው አይደለም? ያው እንዳልሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ዋጋ ብትቀንስ ከጎን የቆሙት ሦስት ሴቶች ይሰማሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እናቴ ክርክሯን ከዚያ ዋጋ ነው የምትጀምረው። ምራቂ ግን ዘንቢል ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ማንም አይቆጥረውም፣ ማንም በሚቀጥለው ሳምንት አያነሳውም።

የጌም ማሽን የሚሸጡት ኩባንያዎች ይህንኑ ነገር ባንድል ይሉታል። ማሽኑ፣ አንድ ጌም፣ አንዳንዴ ሁለተኛ ጆይስቲክ፣ ሁሉም በአንድ ካርቶን። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ አይነካም። አንዱ ኩባንያ ጌም ሲመርቅ ሌላው ሁለት ይመርቃል፣ በተለይ በፈረንጅ ገና ሰሞን። ጌሙ ደግሞ በኮድ ከሆነ፣ አንድ ተጨማሪ ኮድ ማውጣት ለኩባንያው ከምንም አይቆጠርም፣ ገዢው ግን 60 ዶላር የተረፈው ይመስለዋል። የበርበሬዋ ሴትዮ ብትሰማ ትቀና ነበር። እሷ የምትመርቀው ከራሷ ጆንያ የሚጎድል ነው።

ሌላም ዓይነት ምራቂ አለ፣ ሳትጠይቅ የሚጫንብህ። ስኳር በጠፋበት ሰሞን ባለሱቁ «ስኳር የምሸጥልህ ፓስታም ከወሰድክ ነው» ሲል ታውቁታላችሁ። ማይክሮሶፍትም በ2013 እንደዚያ አደረገ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በኛ ስጽፍ እነግራችኋለሁ።) ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን የጌም ማሽኑን ኪኔክት ከሚባለው ካሜራ ጋር አስሮ በ499 ዶላር አወጣው። ካሜራውን አልፈልግም ማለት አይቻልም። ሶኒ ፕሌይስቴሽን ፎርን ያለ ካሜራ በ399 አቀረበ። ማይክሮሶፍት ብዙም አልቆየ፣ በሰኔ 2014 ካሜራውን ፈትቶ ማሽኑን ብቻውን በ399 መሸጥ ጀመረ። ፓስታውን ትቶ ስኳሩን ብቻ እንደ መሸጥ ነው። ግን ስድስት ወር ካለፈ በኋላ፣ ሰዉም ሌላ ሱቅ ለምዶ።

እኔ እነዚህን ቁጥሮች ለምን አጠናኋቸው? ከጌም ቤት የመጣ በሽታ ነው።

ጎንደር አራዳ አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጀርባ፣ የቆርቆሮ ቤት ነበረች። በሯ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ውስጥ ሁለት ከኋላቸው ያበጡ ቴሌቪዥኖች፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ ሁለት አግዳሚ። ሽታው የላብ፣ የካልሲና የጋለ ፕላስቲክ ነው። ባለቤቱን «ሐኪሙ» ነበር የምንለው። ሕክምና ተምሮ አይደለም፣ ማሽኖቹን ራሱ ስለሚያክም ነው። የአንደኛው ሌንስ ደክሞ ነበር፣ ሲዲ አላነብ ይላል። ሐኪሙ መጀመሪያ በጥጥና በአልኮል ይጠርገዋል። እምቢ ካለ በጎኑ ያቆመዋል። አሁንም እምቢ ካለ ከሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ቀዶ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ ክዳኑ ሥር ይሸጉጠዋል። ከዚያ እስትንፋሳችንን ይዘን እንጠብቃለን። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቅ ሲል ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው።

ጌሙ እግር ኳስ ነው፣ አንድ ጌም አንድ ብር። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ስለ መብራት ደግሞ ሕግ ነበረን፣ ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ። መብራት ከእረፍት በፊት ከሄደ ጌሙ ይሰረዛል፣ ማንም አይከፍልም። ከእረፍት በኋላ ከሄደ የመራው አሸነፈ፣ የተመራው ይከፍላል። እኩል ከሆኑ በግማሽ በግማሽ። ሕጉ የወጣው ከስንት ጠብ በኋላ እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንዱ ልጅ ሲመራ በልቡ መብራት እንዲሄድ ይጸልይ ነበር፣ ሲመሩት ደግሞ እንዳይሄድ። መብራት ኃይልን እንደሱ በጸሎት ያሰበው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ሐኪሙን አንዱን ማሽን በስንት እንደገዛው ጠየቅኩት። «3,500» አለኝ፣ በመተማ በኩል በሰው በሰው የመጣ ነው። በአንድ ብር ሒሳብ 3,500 ሽንፈት ማለት ነው። ቢያንስ 200ው የኔ ነው።

ያን ማታ ቤት ገብቼ የጀመርኩት ሒሳብ እስካሁን አልቆመም። ማሽኑ በአገሩ ስንት ነው? ለምን እኛ ጋ 3,500 ሆነ?

በአገሩ ያለው ታሪክ ራሱ ያዝናናል። ግንቦት 1995፣ ሎስ አንጀለስ፣ ኢ3 የሚባለው የጌም አውደ ርእይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደበት። ሴጋ የሚባለው ኩባንያ ሳተርን የተሰኘው ማሽኑ 399 ዶላር እንደሆነ፣ ከዚያው ቀን ጀምሮም ሱቅ እንደገባ በኩራት ተናገረ። የሶኒ ተራ ደረሰ። ስቲቭ ሬስ የተባለው ኃላፊ ወደ መድረኩ ወጣ፣ «299» አለ፣ ወረደ። በቃ፣ ይኸው ነው ንግግሩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ገና ሱቅ ሳይገባ ግማሹን ጦርነት ያሸነፈው በሦስት አኃዝ ነው። እናቴ እዚያ አዳራሽ ብትኖር ግን «እሺ ይሁን፣ መርቅልኝ» ማለቷ አይቀርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋጋ መውረድ እንደ ወቅት የሚጠበቅ ነገር ሆነ። ፕሌይስቴሽን ቱ በ2000 በ299 አሜሪካ ገባ። በግንቦት 2002 ወደ 199 ወረደ። በማግስቱ ኤክስቦክስም 199 ሆነ፣ ሳምንት ሳይሞላ የኒንቴንዶው ጌምኪዩብ ወደ 149 ወረደ። የሻይ ቤት ፉክክር በሉት። ፕሌይስቴሽን ቱ መውረዱን ቀጠለና በ2009 መጀመሪያ 99 ዶላር ደረሰ። ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ለዚህም ጭምር ነው።

ዋጋው የወረደው ግን በቸርነት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቺፖች ነበሩ፣ አንዱ የሚያስበው፣ አንዱ ሥዕል የሚሠራው። የቺፕ ፋብሪካዎች በየሁለት ሦስት ዓመቱ ነገሩን ማሳነስ ቻሉ፣ በኋላ ሁለቱን ቺፖች አንድ ላይ አዋሃዷቸው። ቺፑ ሲያንስ ሙቀቱ ያንሳል፣ ማራገቢያው ያንሳል፣ ሳጥኑ ያንሳል፣ ማጓጓዣው ይረክሳል። በ2004 የወጣችው ቀጭኗ ፕሌይስቴሽን ቱ የዚህ ልጅ ናት። አንዳንዴ ደግሞ ዋጋ የሚወርደው ከውስጥ ነገር በማውጣት ነው። ፕሌይስቴሽን ስሪ በ2006 በ499 እና በ599 ወጣ፣ ሰው አመረረ። በቀጣዩ ዓመት 399 ዶላር የሆነው ሞዴል መጣ፣ ግን የፕሌይስቴሽን ቱ ጌሞችን አያጫውትም። ቀነሱ፣ ቀነሱልህ።

ደግሞም ማሽኑን በኪሳራ መሸጥ የተለመደ ነው። ትርፉ ያለው ጌሙ ላይ ነው፣ ገዢው በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጌም ይገዛላ። ሒሳቡ ሐኪሙ ቤት ሲደርስ ግን ይበላሻል። ማሽኑ ኮፒ ሲዲ የሚያስነብብ ቺፕ ተገጥሞለታል፣ ሲዲው ኮፒ ነው፣ ዋጋው 15 ብር። አራዳ ላይ ኦሪጅናል ጌም የገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። የሶኒን ኪሳራ ወሰድን፣ ትርፉን ለሲዲ ቀጂው ሰጠን። ልክ ነው እያልኩ አይደለም፣ የሆነውን ነው የማወራው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ቅናሹ ለምን ጎንደር አይደርስም? ሁሉም ሰው ቶሎ የሚመልሰው «ቀረጥ» ብሎ ነው፣ ነጋዴን የሚወቅስም አለ። ሁለቱም አሉበት። እኔ ግን ከመንገድ የሚበላው ሌላ ነገር እንደሆነ ያወቅኩት ደብተር ላይ ስጽፈው ነው። በባንክ ምንዛሪ ብቻ፣ ቀረጥ ሳይጨመር፣ እዩት። ፕሌይስቴሽን ፎር በ2013 መጨረሻ ሲወጣ 399 ዶላር ነው፣ ዶላሩ 19 ብር አካባቢ። 7,600 ብር ገደማ። በ2016 ቀጭኑ ሞዴል በ299 መጣ፣ ዶላሩ 22 ብር ሆኗል። 6,600 ብር ገደማ። አሜሪካዊው ከአራት እጅ አንዱን ያህል ተቀነሰለት። ለኛ ከስምንት እጅ አንዱ። መቶ ዶላር ቅናሽ ከአሜሪካ ተነሥቶ ጎንደር ሲገባ ግማሹ በመንገድ አልቋል። ብሩ በልቶታል።

እሱም የደጉ ዘመን ነው። ስለ ፕሌይስቴሽን ፋይቭ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ የወረቀቷን ታሪክ ልንገራችሁ።

በ2009 ዓ.ም. (ይሄ በኛ ነው) አክስቴ ለጥምቀት ከጀርመን መጣች። ለወንድሜና ለኔ ፕሌይስቴሽን ፎር ይዛልን መጣች፣ ከነካርቶኑ። ባንድል ነው። ካርቶኑ ላይ የእግር ኳስ ተጫዋች ፎቶ አለ። እየተንቀጠቀጥን ከፈትነው። ማሽኑ አለ፣ ጆይስቲክ አለ፣ ገመዶች አሉ። ጌሙ የለም። ካርቶኑን ገልብጠን አራገፍነው፣ ስታይሮፎሙን ሁሉ ሰባበርነው። የወጣችው አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት፣ ፊደልና ቁጥር የተደረደረባት። «ሲዲውስ?» አለ ወንድሜ። አክስቴም አታውቅም። ምስኪን፣ የከፈለችበትን ያስቀረባት መስሏት ሻጩን ልትሰድበው ደረሰች።

ኋላ ነው ሰው የነገረን። ጌሙ ወረቀቷ ናት። ኮዱን አስገብተህ ከኢንተርኔት ታወርደዋለህ፣ ከ40 ጊጋባይት በላይ ነው። ያኔ ቤታችን ኢንተርኔት አልነበረም። በሞባይል ዳታ እናውርደው ብንል ከማሽኑ ዋጋ አያንስም። «ኢንተርኔት ስናስገባ እናወርደዋለን» ብለን ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ተውናት።

ከዚያ ጠፋች። ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ እናቴ ውዳሴ ማርያሟን ስትገልጥ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የረቡዕ ምንባብ ላይ ዕልባት አድርጋበታለች፣ ያቺን ወረቀት። «የውጭ አገር ወረቀት ስለሆነ ሊያስፈልግ ይችላል ብዬ በክብር አስቀመጥኩት» አለችኝ። ጫፎቿ በጣት ወዝ ጠቁረዋል፣ ኮዱ ግን ይነበባል። ወደ አንድ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ማሽኑን በቦርሳ ተሸክሜ ሄድኩ፣ አስተናጋጇ ቦምብ የያዝኩ ይመስል ስታየኝ ነበር። ኮዱን አንድ በአንድ አስገባሁ። ጊዜው አልፎበታል። ወረቀቷን አገላብጬ ሳይ ለካ ቀኑ ከታች በደቃቅ ተጽፏል፣ ማናችንም አላነበብነውም። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ማንንም አልወቅስም። ወረቀቷ ወደ ረቡዕ ተመለሰች። እስካሁን እዚያው አለች።

ከዚያ ወዲህ ባንድል ሲሉኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ምራቂው በእጅ ይያዛል ወይስ በአየር ነው? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ይሄ ጥያቄ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ሲዲ የማይቀበለው፣ ዲጂታል የሚባለው ርካሽ ሞዴል ለአሜሪካዊ ቅናሽ ነው። ያኔ እዚህ ቢኖረኝ ነጭ የቡና ጠረጴዛ ነበር የሚሆንልኝ። የፕሌይስቴሽን ቤቶቹ አሮጌ ማሽኖች ግን ኢንተርኔት ሄደ ቀረ ግድ አልነበራቸውም። ዛሬም እዚህ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ፎር ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይደለም። «ቨርዥኑ ስንት ነው?» ነው። ሶፍትዌሩ ያልታደሰው፣ ጄልብሬክ የሚቀበለው፣ ማለትም ኮፒ ጌም እንዲያጫውት ቁልፉ የሚሰበረው ይወደዳል። ሌላው ዓለም አዲስ ነገር ላይ ይከፍላል፣ እኛ ያልተነካ አሮጌ ላይ።

እና እዚህ ላይ ነው እኔ ለዓመታት የተሳሳትኩት። ቅናሹ በፍጹም አይደርሰንም እያልኩ አማርር ነበር። ይደርሰን ነበር፣ በሌላ መልክ። ፍራንክፈርት ያለው ልጅ አዲሱ ሲረክስለት ገዝቶ አሮጌውን ይሸጣል፣ አሮጌው ዱባይ ይገባል፣ ከዱባይ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጎንደር። የነሱ ቅናሽ እኛ ጋ የሚመጣው ያገለገለ ዕቃ ሆኖ ነው፣ ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጆይስቲኩ በሰው ጣት ተልጦ። የሐኪሙ ቤት የቆመችው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ግን የምንጩ አፍ እየተደፈነ ነው። ፕሌይስቴሽን ፋይቭ በ2020 መጨረሻ በ499 ዶላር ወጣ፣ ሲዲ የማይቀበለው በ399። እንደ ድሮው ቢሆን በአምስተኛው ዓመት 299 መድረስ ነበረበት። በነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥ ወደ 549 ወጣ፣ ሲዲ የማይቀበለው 499 ሆነ። ኤክስቦክስም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጨመረ። የ2017ቱ ኒንቴንዶ ስዊች እንኳ፣ በስምንት ዓመቱ፣ ከ299 ወደ 339 ወጣ። ቺፕ ማሳነስ እንደ ድሮ ርካሽ አይደለም፣ የአሜሪካ የገቢ ዕቃ ታሪፍም መጣበት። የበዓል ሰሞኑ 100 ዶላር ቅናሽ ታዲያ ምንድነው? መጀመሪያ ወደነበረበት ዋጋ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ መመለስ ነው፣ ለዚያውም ለጥቂት ቀን። እናቴ እንዲህ ዓይነቱን ነጋዴ ጥላው ነበር የምትሄደው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሳትመለስ።

በብር ስታዩት ደግሞ ያስደነግጣል። በ2020 መጨረሻ ዶላሩ 38 ብር ገደማ ነበር፣ 499 ዶላር ማለት 19,000 ብር። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ቀን መቶን አለፈ፣ በነሐሴ 2025 ወደ 140 ተጠጋ። 549 ዶላር 77,000 ብር ሆነ። ያው ማሽን ነው፣ አምስት ዓመት ያረጀ። በአራት እጥፍ። ፈረንጁ አሮጌውን ካልቀየረ አሮጌው ወደኛ አይመጣም፣ ቢመጣም በምን ብር። ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ውስጥ ዛሬም ሁለት ፕሌይስቴሽን ስሪና አንድ ፎር ነው ያሉት። ስሪዎቹ ከሚጫወቱባቸው ልጆች ይበልጣሉ፣ ዕድሜያቸውን ማለቴ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም ብያለሁ። የነገርኩት «ና እንጫወት» ብዬ ነው። ሄድን። ፎሩ ተይዟል፣ ስሪው ላይ ተቀመጥን። ጌሙ 15 ብር ሆኗል። የግራ ጆይስቲኩ ላስቲክ ተልጧል፣ እኔ እሱን ያዝኩ፣ ታላቅ ስለሆንኩ መሰለኝ እምቢ ማለት አፈርኩ። እኔ ያለሁት ልጅነቴ ላይ ነው፣ እሱ ያለው ዛሬ ላይ። ከእረፍት በፊት አንድ አገባብኝ። ከእረፍት በኋላ ነፍስ ዘራሁ፣ አንድ ኳስ ከብረቱ መለሰብኝ፣ 70ኛው ደቂቃ ላይ ብቻዬን ከበረኛው ጋር ቀረሁና ልመታ ቁልፉን ስጫን ቤቱ ጨለመ።

መብራት ሄደ። ሁሉም ባንዴ «ኧረረ» አለ። እኔ ቶሎ ብዬ «ተሰረዘ» አልኩ።

በጨለማው ውስጥ የልጁ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ ከእረፍት በኋላ እኮ ነው።»

ይህን ሕግ ማን እንደነገረው እንጃ። የስልኬን መብራት አብርቼ ኪሴ ውስጥ 15 ብር ፈለግኩ።